ሃሞክ፣ አጎበርና የዝናብ ሸራ፦ ለወሎ ቆላና ደጋ የሚስማማውን ለመምረጥ

በሁለት ዛፎች መካከል ተወጥሮ የሚታደርበትን የጨርቅ መኝታ፣ ማለትም ሃሞክን፣ ለመግዛት ወይም ለማሰፋት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ስለ ክብደቱና ስለ ዋጋው ነው። በወሎ ግን ከሁሉም መቅደም ያለበት ጥያቄ የሚታደርበት ቦታ ከፍታ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ በአጭር ቁልቁለት ወርዳ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ የምትገኘው ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ ወደ ደቡብ ያለችው ከሚሴ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ አንድ ተጓዥ ዓርብ ሌሊት ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦ አድሮ፣ ቅዳሜ ሌሊት በወበቁ ምክንያት አንሶላ እንኳ ከብዶት ሊያድር ይችላል።

አብዛኞቹ ሃሞኮች ደግሞ የተሠሩት ለአንድ ዓይነት ጫካና ለአንድ ዓይነት አየር ታስበው ነው። ለሞቃት ጫካ የተሠራው አጎበሩ ከመኝታው ጋር ተሰፍቶበት፣ ሸራውም ጠባብ ሆኖ ይመጣል፤ ለብርዳማ አገር የተሠራው ደግሞ ትንኝ የሚባል ነገር ያለ አይመስለውም። በእኔ አመለካከት ቆላና ደጋን እያፈራረቀ ለሚጓዝ የወሎ ሰው የሚበጀው መኝታው፣ አጎበሩና ሸራው እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚነጠሉበት ዓይነት ነው። ከዚህ ምርጫ ውጭ የሚሆኑ ሰዎችም አሉ፤ እነሱን በየቦታቸው እጠቅሳለሁ።

ከፍታና ወቅት

በአገራችን የወባ ስርጭት በአብዛኛው የሚታየው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው መሬት ሲሆን፣ ዋናው ወቅት የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው። በልግ በሚዘንብባቸው አካባቢዎች ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት አነስ ያለ ሁለተኛ ወቅት አለ። በሽታውን በዋነኝነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አረቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት የምትነድፍ ናት፤ የምትነድፈውም ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። እንግዲህ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ጭቃው የሚደርቅበትና ሰው ከቤት ውጭ ማደር የሚያምረው የጥቅምትና የኅዳር ወር ከወባው ወቅት ጋር ይገጥማል ማለት ነው። ባቲ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ ወይም ቆቦ አካባቢ ያለ አጎበር በሃሞክ ማደር፣ ሃሞኩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ የሚመከር አይደለም። የሐይቅ ከተማ አካባቢ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በመሆኑ ድንበሩ ላይ ነው፤ የውኃ ዳርና ሸምበቆ ስላለው ግን ከቆላው ጋር ቢቆጠር ይሻላል።

ደጋው ሌላ ነው። በደሴ ዙሪያ ባሉት ተራሮች፣ በላሊበላና በቦረና ሳይንት ደን ትንኝ ዋና ሥጋት ሳትሆን፣ ብርዱ፣ ነፋሱና ዝናቡ ናቸው ዋናዎቹ። ከፍ ብሎ ከ4,200 ሜትር በላይ በሚደርሰው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት ደግሞ ጅብራና ሣር እንጂ ሃሞክ የሚሸከም ግንድ የለም። እዚያ ለመውጣት ያሰበ ሰው የሃሞክ ንጽጽሩን ትቶ ድንኳን ቢይዝ ይሻለዋል።

ወሎ ሁለት ዝናብ የሚያውቅ አገር መሆኑም ለምርጫው ይጠቅማል። የበልጉ ዝናብ ከነፋስና ከነጎድጓድ ጋር ድንገት የሚመጣ፣ አንዳንዴም በረዶ የሚቀላቅል ሲሆን፣ የሐምሌና የነሐሴው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሊያወርድ ይችላል። የሸራው ስፋትና ቅርጽ የሚወሰነው በዚህ ነው።

የመኝታው ቅርጽ

በመዝናኛ ቦታዎች ግቢ ውስጥ የሚታየው፣ በሁለቱም ጫፍ አግዳሚ እንጨት የገባበትና ተዘርግቶ የሚታይ ሃሞክ ለአዳር አይሆንም። ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ባዘነበለ ቁጥር ሰውን ይገለብጣል፤ አጎበርም በወጉ አይለብስም። ስለዚህ እሱን ወደ ጎን እንተወው።

ለአዳር በብዛት የሚመረጠው ሁለቱ ጫፎቹ ተሰብስበው የሚታሰሩት ቀለል ያለ ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ዋናው ልዩነት ርዝመቱ ነው። በርካሽ የሚሸጡትና ከፓራሹት ጨርቅ ተሠሩ የሚባሉት ብዙዎቹ ርዝመታቸው 2.7 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ለማረፍ እንጂ ሙሉ ሌሊት ለመተኛት አይመቹም፤ ሰውየውን እንደ ሙዝ አጉብጠው ነው የሚያሳድሩት። 3.3 ሜትር ገደማ የሆነው ግን ረገብ ብሎ ሲታሰር ሰው በአግድሞሽ፣ ማለትም ራሱን ወደ አንድ ጥግ እግሩን ወደ ሌላው ጥግ አድርጎ፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ መተኛት ያስችለዋል። የሃሞክ እንቅልፍ ምሥጢሩ ይኸው አግድሞሽ መተኛት ነው፤ አጭር ሃሞክ ሞክሮ «ወገቤን ፈጀኝ» ብሎ የተወ ሰው ረጅሙን ቢሞክር ሐሳቡን የሚቀይርበት ዕድል ሰፊ ነው።

ይህንኑ አግድሞሽ አተኛኘት ጨርቁ ራሱ እንዲመራ ተደርገው የተሠሩም አሉ። ሄነሲ በሚል ስም የሚታወቁት ሃሞኮች በዚህ ቅርጽ የታወቁ ናቸው፤ ጨርቁ በሁለቱ ተቃራኒ ጎኖች እየሰፋ፣ ሸራውም ያንኑ ቅርጽ ተከትሎ ጎነ ጠማማ ሆኖ ይሠራል። ለመተኛት ይመቻሉ፤ ይሁን እንጂ ራስ የሚያርፍበትና እግር የሚያርፍበት ወገን አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ሌላ አማራጭ አይሰጡም፣ ከሌላ ሸራ ወይም ከሌላ አጎበር ጋር ማቀናጀትም ያስቸግራል።

ሌሎች ሁለት ዓይነቶች፣ ማለትም በአጫጭር ዘንግ ተወጥሮ እንደ ተንጠልጣይ ድልድይ የሚዘረጋውና ሰውዬው ለገመዱ መስቀለኛ ሆኖ በጠፍጣፋ ጨርቅ ላይ የሚተኛበት፣ ጎኑን ካላዞረ እንቅልፍ ለማይወስደው ሰው ጥሩ ናቸው። ክብደታቸውና ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ጠፍጣፋው ዓይነት ደግሞ ያለ ፍራሽ አይሠራም። ጭነቱን በአህያ ወይም በመኪና ለሚያደርስ ይሆናሉ፤ ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ግን አልመርጥለትም።

አጎበሩ

የምርጫው ውል ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት አጎበሩ ከሃሞኩ ጋር ተሰፍቶ በዚፕ የሚዘጋው ነው። በቆላ ይህን የሚያህል ምቹ ነገር የለም፤ ቤት አይረሳም፣ በጨለማ አይፈለግም፣ ሰው ገብቶ ዚፑን ከሳበ በኋላ በአጎበሩና በመኝታው መካከል ክፍተት አይኖርም። ጉዳቱ የሚታየው ከቆላው ሲወጣ ነው። ደጋ ላይ ማንም የማይፈልገውን አጎበር ተሸክሞ ማደር ግድ ይሆናል፤ በትንፋሽ ረጥቦ ሲያድር ደግሞ ጠዋት ፊት ላይ ይንጠባጠባል። አንዳንዶቹ ተገልብጠው አጎበሩ ከታች እንዲሆን ተደርገው መታሰር ስለሚችሉ ችግሩ በከፊል ይቃለላል። ዚፑ ከተበላሸ ግን ሃሞኩ በሙሉ ከጥቅም ውጭ እንደመሆን ይቆጠራል። ሁልጊዜ ባቲ፣ ከሚሴ ወይም ቆቦ ለሚያድር፣ ለምሳሌ ለሥራ ወደ ቆላ ለሚመላለስ ሰው፣ ይህን ዓይነት ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ከላይ «ከዚህ ምርጫ ውጭ» ካልኳቸው የመጀመሪያው እሱ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ለደን ውጊያ ያሠራው ሃሞክ አጎበሩም ጣሪያውም ከመኝታው ጋር የተያያዘ ነበር።

ሁለተኛው የመጀመሪያው ልዩ ቅርጽ ሲሆን፣ መግቢያው ከሥር ነው። ሰውዬው ከሃሞኩ በታች ባለው ስንጥቅ ብቅ ብሎ ይቀመጥና እግሩን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ስንጥቁ በክብደቱ ተስቦ ይዘጋል። ዚፕ ስለሌለው የሚበላሽ ነገር የለውም። ሆኖም ከሥሩ ብርድ ልብስ ማንጠልጠል የፈለገ ሰው መግቢያውን ራሱ ይዘጋዋል፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰውም ሆነ ሌሊት ደጋግሞ ለሚወጣ ሰው አይመችም።

ሦስተኛው በአንድ ወገን ወይም በዙሪያው ባለ ዚፕ ከሃሞኩ ተፈትቶ የሚነሣው ነው። ወደ ቆላ ሲወረድ ይገጠማል፤ ወደ ደጋ ሲወጣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በብዛት በውጭ አገር የሚሸጥ በመሆኑ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ዚፑም ከዚያው ሃሞክ ጋር ብቻ ስለሚገጥም አንዱ ቢጠፋ በሌላ መተካት አይቻልም።

አራተኛው፣ እኔም የምመርጠው፣ እንደ ረጅም ከረጢት ሆኖ ሃሞኩን ከላይም ከታችም የሚያጠልቀው አጎበር ነው። ለየብቻው ይታጠፋል፤ ለየትኛውም ሃሞክ ይሆናል፤ ክብደቱም ከ200 እስከ 400 ግራም ያህል ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚበልጥበት ምክንያት ታችኛውን የጨርቁን ፊት መሸፈኑ ነው። በአንድ የኅዳር ምሽት በሐይቅ ዳርቻ አንድ ባልደረባዬ ከላይ ብቻ አጎበር ባለው ቀጭን የናይለን ሃሞክ ተኝቶ ሳለ ከሥሩ ባትሪ አበራሁ፤ ጨርቁ በትከሻውና በዳሌው ክብደት ጥብቅ ብሎ በተወጠረበት ቦታ ትንኞቹ ተገልብጠው ተለጥፈው፣ መንደፊያቸውን በድርና ማጉ መካከል ሰክተው ነበር፤ ጨርቁ ረገብ ባለበት በወገቡ አጠገብ ግን አንድም አልነበረችም። ሰውነት ላይ የተጣበቀ ነጠላ ስስ ጨርቅ ቢምቢን አያቆምም። ለዚህ መፍትሔው ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ወይ ሁለት ድርብ ጨርቅ ያለው ሃሞክ፣ ወይ ከሥር የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ፣ ወይ ከሥርም የሚዞር አጎበር።

የከረጢቱ አጎበር ጉድለት አገባቡ ነው። አንዳንዱ በታችኛው ጎኑ ክፍት ሆኖ በሲባጎ ይሳባል፤ አንዳንዱ በጎን ዚፕ አለው። ሲባጎ ያለውን ሰው በጨለማ ሲገባ ክፍቱን ለጥቂት ጊዜ ስለሚያሰፋው አንዳንድ ትንኝ አብራ ትገባለች። የጎን ዚፕ ያለው ይሻላል፤ ልዩነቱ የጥቂት ግራም ብቻ ነው።

አምስተኛው ራስንና ደረትን ብቻ የሚሸፍነው ትንሹ አጎበር ነው። ቀላል ቢሆንም ክንድና እግር ተገልጠው ስለሚቀሩ በቆላ አይበቃም፤ በደጋ ደግሞ አያስፈልግም። ቦታ ያጣ ዕቃ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚያስበው እንምጣ፦ የቤቱን አጎበር ይዞ መሄድ። በጤና ጣቢያና በጤና ኤክስቴንሽን በኩል ለየቤቱ የሚታደለው በኬሚካል የተነከረ አጎበር ለአልጋ የተለካ ነው፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሜትር ስለማይበልጥ፣ 3.3 ሜትር የሆነውን ሃሞክ ከዳር እስከ ዳር አያለብስም። ገመዱ በሚያልፍበት በሁለቱም ጫፍ ክፍተት ይተዋል፤ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ የሚሸጎጥበት ፍራሽም የለውም። ክብ ሆኖ ከአንድ ነጥብ የሚንጠለጠለው ደግሞ ከሃሞኩ መሐል ብቻ ስለሚሰፋ እግርና ራስ ይጋለጣሉ። ከዚህም በላይ ለቤተሰቡ አልጋ የተሰጠ አጎበር ለሽርሽር ሲወጣ በቤት የቀረው ልጅ ያለ መከላከያ እንደሚያድር መዘንጋት የለበትም። ከሱቅ የተገዛ አጎበር ካለ ግን ሁለቱን ቀጥሎ እንደ ከረጢት ማሰፋት ይቻላል፤ ልብስ ሰፊ በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ስለ ቀዳዳው መጠንም አንድ ነገር ልጨምር። የተለመደው የአልጋ አጎበር ቀዳዳው ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ የወባ ትንኝን ለማገድ ይበቃል፤ በውኃ ዳር የሚገኙ ዓይን የማይሞሉ ጥቃቅን ተናካሾችን ግን አያቆምም። እነሱን የሚያቆመው በጣም የጠበበው አጎበር ደግሞ አየር ስለሚቀንስ በባቲ ወበቅ ያፍናል። ለቆላ ሰፋ ያለውን፣ ለሐይቅና ለአርዲቦ ሐይቆች ዳርቻ ጠበብ ያለውን መምረጥ ተገቢ ነው። በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር ወይም ሃሞክ በሐይቁ ወይም በወንዝ ውስጥ መታጠብ የለበትም፤ በእነዚህ አጎበሮች ላይ የሚውለው ኬሚካል ለዓሣ እጅግ መርዛማ ነው። እጥበቱ በሳፋ ይሁን፣ እጣቢውም ከውኃው ርቆ መሬት ላይ ይደፋ። ከቆላ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ቢነሣ ደግሞ፣ አጎበሩ ጥሩ ነበር ብሎ ሳይዘናጉ መመርመር ያስፈልጋል።

ሸራው

ሸራ ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚያየው ውኃ ማስገባት አለማስገባቱን ነው። ሳይንጠባጠብበት የሚያድር ሰው ግን የሚለየው በሸራው ርዝመት ነው፤ ሰውን የሚያበሰብሰው ቀጥ ብሎ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን ከጎንና ከጫፍ የሚገባው ወጨፎ ነውና። 3.3 ሜትር ሃሞክ በትክክል ረገብ ብሎ ሲታሰር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት 2.75 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለቱም ወገን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ትርፍ እንዲኖር ከተፈለገ የሸራው አናት ወደ 3.4 ሜትር መድረስ አለበት።

ጎነ ጠማማውና እንደ አልማዝ ቅርጽ ያለው ትንሽ ሸራ በአራት ማሰሪያ ብቻ ስለሚቆም ፈጣንና ቀላል ነው፤ ለጥቅምትና ለኅዳር ካፊያ ይበቃል። የበልግ ነፋስ ከመጣ ግን እግር ወይም ራስ መርጠቡ አይቀርም። ስድስት ጎን ያለው፣ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ የተጎረዱለት ሸራ ከዚህ እጅግ ይሻላል፤ ጠርዙ ተጎርዶ ስለሚወጠር በነፋስ አይርገበገብም፣ ክብደቱም መካከለኛ ነው። ለአብዛኛው የወሎ ጉዞ የምመርጠው ይህንን ነው። አራት ማዕዘኑ ሸራ ከባድ ቢሆንም በረንዳ ሆኖ ሊቆም፣ ቡና ሊፈላበት፣ ዕቃም ሊጠለልበት ይችላል፤ ብዙ ሰዎች አብረው ሲወጡ አንድ እንደዚህ ያለ ሸራ መያዝ ጥሩ ነው። በሁለቱም ጫፍ እንደ በር የሚዘጋ እጥፋት ያለው ደግሞ ለሐምሌና ለነሐሴ፣ እንዲሁም ነፋስ ለሚበዛበት የደጋ ገደል ነው። በሩ ተዘግቶ ሲያድር ትንፋሹ ከውስጥ ስለሚጠራቀም አናቱ ላይ ትንሽ ክፍተት መተው ያስፈልጋል።

የሸራው ክር ናይለን ከሆነ ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ማታ ተወጥሮ የተተወ ሸራ ሌሊት ረግቦ ውኃ ያቁራል። ፖሊስተር እምብዛም አይለጠጥም። ሌሊት ተነሥቶ ገመድ ማጥበቅ የማይፈልግ ሰው ፖሊስተሩን ይምረጥ። በገበያ የሚገኘው ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ የፕላስቲክ ሸራ ውኃውን ያግዳል፣ ዋጋውም ከሁሉ ይቀንሳል፤ በነፋስ ሲንኳኳ ግን እንቅልፍ ይነሣል፣ ሲታጠፍም ትልቅ ጥቅል ይሆናል። መኪና ላለው ችግር የለውም።

አንዳንድ ሃሞኮች ከሸራው ሌላ መኝታውን ዙሪያውን የሚለብስ የጨርቅ ሽፋን አላቸው። ይህ ዝናብን ሳይሆን ነፋስን ለመከላከል የተሠራ ነው፤ ውስጡን በጥቂት ዲግሪ ያሞቀዋል። ደሴ ዙሪያ በታኅሣሥና በጥር ለሚያድር ይጠቅማል። በቆላ ግን መታፈን ነው።

በዝናብ ወቅት ሸራው ጥሩ ሆኖ ሳለ ጀርባ የሚረጥብበት ምክንያትም አለ። ውኃው ከዛፉ ግንድ በማሰሪያው ላይ እየተንሸራተተ ወደ መኝታው ይወርዳል። ከሸራው ጠርዝ በታች፣ ሃሞኩ ከመድረሱ በፊት፣ ማሰሪያው ላይ ቁራጭ ሲባጎ ታስሮ ቁልቁል እንዲንጠለጠል ቢደረግ፣ ጠብታው እስከ ሲባጎው ይመጣና በእሱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ጉንዳን በሚበዛበት ቦታ ያችው ማሰሪያ መንገድ ስለምትሆን፣ ሸራ ከመዘርጋት በፊት የዛፉን ሥር መቃኘት አይከፋም።

ከሥር የሚመጣው ብርድ

ሃሞክ ከመሬት ላይ መኝታ የሚለየው አየር ከሥሩ በማለፉ ነው። ለቆላ በረከት የሆነው ይህ ነገር ለደጋ ጠንቅ ነው፤ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ያለ ሌሊት ብዙ ሰው ጀርባውን ይበርደዋል። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ኮምቦልቻ ላይ የበቃ ልብስ ደሴ ላይ አይበቃም። ጋቢ ከውስጥ ማንጠፍ ያለው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ሰውነት ሲጫነው በውስጡ የያዘው አየር ይወጣል፣ ሙቀቱም ይጠፋል። ከውጭ፣ ከሃሞኩ በታች፣ ጨርቁን ብቻ ነክቶ ሳይጨፈለቅ የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ ግን እውነተኛ ሙቀት ይሰጣል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጠው ውድ ነው፤ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና በአራቱም ጥጎቹ ቀለበት ተሰፍቶለት በላስቲክ ገመድ ከሃሞኩ ጫፎች ጋር ቢታሰር ክብደቱ ቢበዛም ሥራውን ይሠራል። ስስ ፍራሽም ይሆናል፤ እየተንሸራተተ ሲያስቸግር ግን ድርብ ጨርቅ ያለው ሃሞክ በሁለቱ ጨርቆች መካከል ያስገባዋል። ድርቡ ጨርቅ ለትንኙም ለብርዱም የሚጠቅም በመሆኑ፣ ተጨማሪ ክብደቱ ለወሎ የሚያስቆጭ አይመስለኝም።

ማሰሪያውና ዛፉ

ማሰሪያ ሲመረጥ ገመድ ሳይሆን ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍር ይመረጥ። ቀጭን ገመድ ልጡን ይቆርጣል፤ ዛፉ ደግሞ ባለቤት አለው። በደሴና በኮምቦልቻ ዳገቶች የሚታየው ባሕር ዛፍ የገበሬው ገንዘብ ነው፤ ሳያስፈቅዱ ማሰር ነውር ነው። ተጠጋግቶ ስለሚተከልም ከ4 እስከ 5 ሜትር የሚርቁትን ሁለት ግንዶች መርጦ፣ ቀጭኑንና የሚወዛወዘውን ትቶ፣ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን መፈለግ ያስፈልጋል። በቆላው ግራር እሾሁ አጎበርን ስለሚበሳ ቅርንጫፉን ማየት ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ጽድና ወይራ፣ ወዳጃ የተባለው የጋራ ጸሎት የሚደረግበት ዋርካም የአዳር ቦታ አይደሉም። ነጎድጓድ በሚበዛበት በልግ ለብቻው የቆመ ረጅም ዛፍም አይታሰብም።

አወጣጠሩን በተመለከተ፣ ማሰሪያው ከአግድመቱ 30 ዲግሪ ያህል ዝቅ እንዲል ማድረግ ለመኝታውም ለማሰሪያውም ይበጃል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ30 ዲግሪ በታሰረ ሃሞክ ሲተኛ እያንዳንዱ ማሰሪያ 70 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ በ15 ዲግሪ ሲጠብቅ ወደ 135፣ በ10 ዲግሪ ደግሞ ወደ 200 ኪሎ ይደርሳል። ጥብቅ ብሎ የተወጠረ ሃሞክ ያምራል እንጂ አይመችም፤ ስፌቱንና ዛፉንም ይጎዳል። መሐሉ፣ ሰው ሲቀመጥበት፣ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል።

የጭነት መኪኖች ዕቃ የሚያስሩበት የፖሊስተር ጠፍር ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ በኮምቦልቻ መንገድ ለማግኘት የሚያስቸግር ነገር አይደለም። ከባድ ነው፣ ግን አይለጠጥም።

ማሰፋት

መኝታው ራሱ ቀላል ስፌት ነው። ርዝመቱ 3.5 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ ጥብቅ የፖሊስተር ወይም የናይለን ጨርቅ ይገዛል፤ ጎኖቹ ይታጠፋሉ፤ ሁለቱ ጫፎች ገመድ የሚያሳልፍ እጥፋት ይወጣላቸውና ሦስት መሥመር ስፌት ይሰፋባቸዋል። አቡጀዲ ለቆላ ደረቅ ወራት ይሆናል፣ ገላም አያቃጥልም፤ ከረጠበ ግን ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ይሻግታልም። ሸራውን ግን ለልብስ ሰፊ መስጠት አልመክርም፤ መርፌ በበሳው ቀዳዳ ሁሉ ውኃ ስለሚገባ የስፌቱ መሥመር በማሸጊያ ካልተቀባ ያንጠባጥባል። ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሸራው ይገዛ፣ መኝታውና አጎበሩ ይሰፉ።

ተሰፍቶም ይሁን ተገዝቶ፣ ከመጓዝ በፊት በግቢ ውስጥ ቢታሰር ጥሩ ነው። በመጀመሪያ ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጎ ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ ቀጥሎ መጋደም ነው። አጎበሩን ደግሞ ማታ ውስጡ ባትሪ አብርቶ ከውጭ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀን የማይታየው ቀዳዳ በዚያን ጊዜ ይለያል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ በመርፌና በናይለን ክር ተሰፍቶ ይዘጋል፤ ሰፊ ከሆነ ከአሮጌ አጎበር የተቆረጠ ቁራጭ ይጣፍበታል። በዚፑ ጫፍና ገመዱ በሚያልፍበት ቀለበት ዙሪያ ያለውን ስፌት በተለይ ማየት ይገባል፤ ክፍተት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈጠረው እዚያ ነው።